መስኮቱ ውሃ ያስገባል፤ ሠሪው ግን «ቀሪውን ክፈል» ይለኛል

ጥያቄ፦ የቤቴን አሮጌ የብረት መስኮቶች በአልሙኒየም ለማስቀየር ከአንድ ሠሪ ጋር በጽሑፍ ተዋውዬ ቀብድ ከፈልኩ። ውሉ መስታወቱ 6 ሚሊ ነው ይላል፤ የተገጠመው 4 ሚሊ ነው። ዝናብ ሲጥል ደግሞ የሳሎኑ ተንሸራታች መስኮት ውሃ ያስገባል። ስደውልለት «ተረክበሃል፤ ቀሪውን ክፈል» ይለኛል። ቀብዴን ትቼለት በሌላ ሰው ላስነቅለው?

መልስ፦ አያስነቅሉ። ውሃ ሳሎን ውስጥ ሲንጠባጠብ ማየት እንዴት እንደሚያናድድ ይገባኛል። ነገር ግን ዋናው ማስረጃዎ መስኮቱ ራሱ ነው። አንድ ደንበኛዬ በንዴት አስነቅሎ አስጥሎት ወደ እኔ መጣ። የሚታይ ነገር ስላልነበረ የቀረን ቃል ለቃል መከራከር ብቻ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን ይያዙ። የመስታወቱን ውፍረት ሌላ ባለሙያ በመለኪያ ለክቶ በጽሑፍ ይስጥዎ። ዝናብ ሲጥል ቪዲዮ ይቅረጹ። ጎንበስ ብለው ተንሸራታቹ መስኮት የሚሄድበትን ሐዲድ የታች ጠርዝ በውጭ በኩል ይመልከቱ። ውሃ እንዲወጣ የተተዉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ሊኖሩ ይገባል። ብዙ ጊዜ ገጣሚው ሲቸኩል በሲሊኮን ይደፍናቸዋል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ቤት ይመለሳል። ተደፍነው ካገኟቸው ፎቶ ያንሱ እንጂ አይንኩ።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። 6 ሚሊ ተብሎ ከተጻፈ 6 ሚሊ ነው፤ «ያው ነው» የሚባል ነገር የለም። በአንቀጽ 1757 ደግሞ አንድ ወገን ውሉ ይፈጸምልኝ ሲል የራሱን ግዴታ መፈጸሙን ወይም ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ማሳየት አለበት። ቀሪውን ክፍያ ይዘው ለመቆየት የሚደገፉት በዚህ ነው። ለአንዲት ጭረት ብሎ ሙሉ ሂሳብ መያዝን ግን አልመክርም። የእርስዎ ጉዳይ ከዚያ በጣም የከበደ ነው።

«ተረክበሃል» ለሚለው፦ የርክክብ ወረቀት ፈርመዋል? ከፈረሙ ክርክሩ ይከብዳል፤ ቢሆንም ተስፋ አይቁረጡ። ካልፈረሙ፣ ጉድለቱ ተዘርዝሮ እስካልተጻፈበት ድረስ ምንም ነገር ላይ አይፈርሙ።

ቀጣዩ ማስጠንቀቂያ ነው። በአንቀጽ 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመነሳቱ በፊት ሌላውን ማስጠንቀቅ አለበት። በስልክ መጨቃጨቅ ለማስረዳት ያስቸግራል፤ በጽሑፍ ይሁን። የቱ መስኮት፣ ምን ጉድለት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንዲስተካከል ይግለጹ። ጊዜው በቂ ይሁን፤ መስታወት ተቆርጦ እስኪመጣ ቀናት ይወስዳል፣ «በነገው ዕለት» ማለት ራስዎን ይጎዳል። ደብዳቤውን መቀበሉን የሚያሳይ ፊርማ ወይም የፖስታ ደረሰኝ ያስቀሩ።

ጊዜው አልፎ ዝም ካለ፣ ሥራውን በእሱ ወጪ በሌላ ሰው ለማሠራት ፍርድ ቤት እንዲፈቅድልዎ በአንቀጽ 1777 መሠረት ይጠይቃሉ። ማስነቀሉ ያኔ ይደርሳል።

የቀብዱ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፣ የተቀበለው ደግሞ እጥፍ መልሶ ማፍረስ ይችላል ይላል፤ በውሉ ሌላ ስምምነት ከሌለ። ይህ ግን ሐሳቡን ለቀየረ ሰው የተተወ በር ነው። እርስዎ ሐሳብዎን አልቀየሩም፤ ውሉን ያጓደለው እሱ ነው። ገንዘብዎን ለምን ይተዉለታል?

የማስጠንቀቂያውን ረቂቅ ከመስጠትዎ በፊት ከውሉ ቅጂ ጋር ይላኩልኝ፤ አየዋለሁ።