ከአንድ ሥር የተለቀሙ አርባ ተባዮች

ውድ ልጆቼ፣

የነፍሳትን ዘረመል ለማጥናት የምትዘጋጁ ወጣቶች አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ዲኤንኤ ማንበቢያ መሣሪያና ስለ ኮምፒውተር ነው። እኔ ግን ስለ አካፋ ልነግራችሁ እወዳለሁ።

ዕድሜዬን የሰጠኋት ተባይ ፊሎክሴራ ትባላለች። የክሽክሽ ዘመድ ናት፤ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የወይን ሥር ስትመጥ ታቆስለዋለች፤ ቁስሉ ይበሰብስና ተክሉ ይሞታል። አገሯ ሰሜን አሜሪካ ሲሆን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከችግኝ ጋር ወደ አውሮፓ ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ1868 የፈረንሳይ የዕፅዋት ተመራማሪው ፕላንሾንና ባልደረቦቹ በደቡብ ፈረንሳይ ያገኟት ገና በሕይወት ባለ ተክል ሥር ላይ ነው። በሞተው ላይ ቢፈልጓት አትገኝም፤ ሥሩ ሲደርቅ ትታው ትሄዳለችና።

በወይን እርሻ ውስጥ ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ወንድ ትራባለች፤ ልጆቿም የእሷው ግልባጭ ናቸው። ይህንን አውቅ ነበር፤ ማወቄ ግን ከስህተት አላዳነኝም። በጀማሪነቴ ከአንድ ተክል ሥር አርባ ያህል ለቅሜ መረመርኩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። «በዚህ እርሻ ያለው ብዝኀነት አነስተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። የለካሁት የእርሻውን ብዝኀነት ሳይሆን የአንዲት እናት ልጆችን ነበር! ተመልሼ ከየረድፉ፣ ከየተክሉ አንድ አንድ እየቆፈርኩ ስወስድ ብዙ የዘር ሐረግ አገኘሁ። ተባይዋ ቅጠል ላይ ከምታወጣው እባጭ መልቀም ወገብ አያደክምም፤ ነገር ግን የቅጠሎቹና የሥሮቹ ተባዮች ሁልጊዜ አንድ ሐረግ አይደሉም። ስለ ሥር መናገር የሚፈልግ ሥር ይቆፍር።

በካሊፎርኒያ የደረሰው ጥፋት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ፊሎክሴራን ለመከላከል የአውሮፓ ወይን ቅርንጫፍ ተቆርጦ የሚቀጠለው ተባይዋን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ነው። በናፓና በሶኖማ ግን ገበሬዎች የወደዱት ኤኤክስአር 1 የተባለውን ሥር ነበር፤ ምርቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንደኛው ወላጁ የአውሮፓ ወይን ነው። ቀደም ሲል በሌሎች አገሮች፣ በደቡብ አፍሪካም ጭምር፣ ተሸንፏል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናፓም ላይ ተሸነፈ፤ እጅግ ብዙ እርሻ ተነቅሎ እንደገና ተተከለ። ሥሩን የሚያጠቁትን ተባዮች «ባዮታይፕ ቢ» (ወገን ቢ እንደ ማለት) አሏቸው። ስም አንድ ሲሆን ሰው ምንጩንም አንድ አድርጎ ያስባል። የዲኤንኤ ምርመራው ግን ሁሉም ከአንዲት እናት እንዳልወጡ አሳየ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ተባዩን የመረጠው ራሱ የተተከለው ሥር መሆኑን ነው፤ ሰፊ አገር በአንድ ዓይነት ሥር ሲሸፈን ያንን ሥር መብላት የቻለ ሐረግ ሁሉ ይበረክታል።

በአገራችን በ2009 ዓ.ም. የታየው የአሜሪካ መጤ ተምችም የበቆሎና የሩዝ ተብለው የሚለዩ ሁለት ወገኖች አሉት። ስለዚህ «ተምች አገኘሁ» ብላችሁ አታቁሙ፤ የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የፊሎክሴራ ሙሉ የዘረመል ንባብ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ወደ አውሮፓ የሄደችው ከላይኛው ሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ፣ በዱር ወይን ላይ ከምትኖረው ወገን መሆኑም አብሮ ተገለጸ። መሣሪያው ድንቅ ነው። ግን በወንዝ ዳር ማንም የማይሸጠውን፣ ማንም የማይጠጣውን የዱር ወይን እየፈለጉ የለቀሙ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ መሣሪያው የእርሻዎቹን ተባዮች እርስ በርስ ብቻ ያስተያይ ነበር፤ መነሻቸው ከንጽጽሩ ውጭ በቀረ ነበር።

ለነገ ሥራችሁ ብልቃጥ ስታዘጋጁ ቀኑን፣ እርሻውን፣ ረድፉን፣ የተክሉን ቁጥር፣ የሥሩን ዓይነት፣ ከሥር ይሁን ከቅጠል የተለቀመ መሆኑን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ብልቃጡ ውስጥ ክተቱ። የምትጽፉትም በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ናሙናው በሚቀመጥበት አልኮል ይለቅቃል።