ወይፈኑን ከማቅናትዎ በፊት በዶሮ ይለማመዱ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከቢቸና አካባቢ ነው። ዘንድሮ የማቀናው ወይፈን አለኝ። አባቶቻችን በጅራፍ ነው ያቀኑት፣ እኔም ሌላ መንገድ አላውቅም። የጎረቤቴ ወይፈን ግን ብዙ ስለተመታ ቀንበር ባየ ቁጥር መተኛት ለመደና ለሥጋ ተሸጠ። ልጄ ደግሞ ውጭ አገር እንስሳ የሚያሠለጥኑ ሰዎች መጀመሪያ «ቀጭ» በምትል ትንሽ መሣሪያ ዶሮ እያስተማሩ ይለማመዳሉ አለኝ። እውነት ነው? ለእኔስ ምን ይረባኛል?

መልስ፦ ልጅዎ የነገረዎት እውነት ነው። ለእርስዎም በደንብ ይረባል።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ነው። ኬለር እና ማሪያን ብሬላንድ የሚባሉ ባልና ሚስት ቢ. ኤፍ. ስኪነር ከተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ የተማሩትን ይዘው፣ በፈረንጆቹ 1940ዎቹ እንስሳ ማሠልጠንን መተዳደሪያ አደረጉት። ዶሮ ከመጀመሪያ ተማሪዎቻቸው አንዷ ነበረች። ኬለር ከሞተ በኋላ ማሪያን ያገባችው ቦብ ቤይሊ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ዶልፊን ያሠለጥን የነበረ ሰው ነው። ሁለቱ በኋላ ለእንስሳት አሠልጣኞች በዶሮ ኮርስ ይሰጡ ነበር። ዶሮዋ ትማራለች፣ ዋናው ተማሪ ግን ሰውዬው ነው።

ለምን ዶሮ? ፈጣን ናት። ሳያስቡት ቀና ብላ፣ ዞር ብላ፣ መሬት ጭራ ትጨርሳለች። እሷን የተከተለ ዓይን በሬ ላይ አይዘገይም። አንድ ፍሬ ስንዴ ወዲያው ስለምትውጥ በጥቂት ደቂቃ ብዙ ጊዜ መደጋገም ይቻላል፤ በሬ ግን የሰጡትን ሣር ሲያላምጥ መጠበቅ አለብዎት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዶሮ በጉልበት አትማርም። ከጮሁባት ወይም ከያዟት በርራ ትሄዳለች፣ ትምህርቱም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ የሚቀርዎት ትዕግሥትና ሰዓቱን የጠበቀ ዋጋ ብቻ ነው። እኔ ይህን ትልቁ ጥቅሟ አድርጌ ነው የማየው።

የመሣሪያው ድምፅ ለእንስሳው «አሁን ያደረግኸው ልክ ነው፣ ዋጋህ መጣ» የሚል ምልክት ነው። መሣሪያውን ግን መግዛት አያስፈልግም። ተጭነው የሚከፍቱት እስክርቢቶ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ዶሮ ይሞክሩ። ልጅዎ ጠጠር ወደ ላይ ይወርውር፣ እርስዎ ጠጠሩ መሬት በነካበት ቅጽበት ቀጭ ያድርጉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው ይዘገያል።

ከዚያ ሰው የማትፈራ አንዲት ዶሮ ይምረጡ። የታቀፈች ወይም ጫጩት የምትመራ አትሁን። ያንቀላፋች፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጣት ከሆነ ደግሞ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ለይተው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ጠዋት ከመመገቧ በፊት ቢጀምሩ ይሻላል። ማስራብ ግን አያስፈልግም፤ የሚሰጧትን ከዕለት መኖዋ ላይ ይቀንሱላት፣ ውኃም አይለያት።

ቀጭ ያድርጉ፣ ወዲያው አንድ ፍሬ ስንዴ ይስጡ። ይህንን ይደጋግሙት። ድምፁን ስትሰማ ወደ እጅዎ መዞር ከጀመረች ገብቷታል ማለት ነው። ቀጥሎ ቀይ የጠርሙስ ክዳን እንጨት ላይ ያጣብቁና ፊቷ ያድርጉት። አንገቷን ወደ ክዳኑ ስትሰነዝር ቀጭ። ቀረብ ስትል ቀጭ። በኋላ መንቁሯ ሲነካው ብቻ ቀጭ። ይህ ሲሳካ ሰማያዊ ክዳን ከጎኑ ያኑሩና ቀዩን ስትነካ ብቻ ይክፈሏት። ዶሮ ቀለም በደንብ ትለያለች። ቦታቸውንም ይቀያይሩ፣ አለዚያ «የቀኙን ንኪ» የሚለውን ነው የምትማረው።

እዚህ ላይ ነው ስህተትዎ የሚወጣው። ክዳኑን ነክታ ራሷን ስትመልስ ቀጭ ካደረጉ የገዙት ራስ መመለስን ነው። የፈለጉትን ሳይሆን የከፈሉበትን ነው የምትሰጥዎ። እጅዎን እየነቆረች ካስቸገረች ጥሬውን ይዘው እያዘገዩባት ነው ማለት ነው፤ እጅዎን ከድምፁ በፊትም አያንቀሳቅሱ። ሥራ ካቆመች ደግሞ ጠግባለች፣ ፈርታለች ወይም የጠየቋት በዝቷል። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሱ። እያንዳንዱን ዙር አጭር ያድርጉት፣ ሳትሰለች ያቁሙ።

አሁን ወደ ወይፈኑ። የጎረቤትዎ በሬ የተኛው ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም። ሲተኛ ምቱ ወይም ቀንበሩ ከቀረለት፣ መተኛት ዋጋ አገኘ። ልክ ራሷን ስትመልስ ስንዴ እንዳገኘችው ዶሮ ነው። በአንጻሩ በገመድ ሲስቡት አንድ እርምጃ በተራመደ ቅጽበት ገመዱን ቢያላሉለት ያ ራሱ ክፍያ ነው። በተጨማሪም እፍኝ ሣር ወይም ጨው ይስጡት። ቀንበር ከማሸከምዎ በፊት ቀንበሩን ያሽተው፣ አንገቱን ይንካው፣ ጸጥ ብሎ ሲቆም ይከፈለው። ቀጥሎ ከቀና፣ ረጋ ካለ በሬ ጋር ይጠመድና ባዶ ቀንበር ይዞ ይራመድ። ከዚያ ቀላል ግንድ ይጎትት። ማረሻ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ያውም አስቀድሞ በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ሞፈርና እርፍ ሲይዙ እስክርቢቶ የሚጫኑበት እጅ አይኖርዎትም፣ ስለዚህ የአፍ ድምፅ ይምረጡ። ግን ለመንዳት የሚያወጡት ድምፅ አይሁን። «ሂድ» እና «ጎበዝ» በአንድ ድምፅ ከተባሉ ወይፈኑ ግራ ይገባዋል። አጭር፣ ሌላ ጊዜ የማይሉትን ቃል ወስነው ቤተሰቡ ሁሉ በዚያው ይጠቀም።

ጅራፉን ዛሬውኑ ይጣሉት አልልዎትም፣ ድምፁ ለብቻው የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ወይፈኑ ሲፈራና ሲደናገጥ ግን አይምቱት፤ ያን ጊዜ ከሕመሙ ሌላ የሚማረው ነገር የለም። የእርሻው ወቅት ሳይገባ፣ በጋው ላይ ይጀምሩ። ጠዋት ዶሮዋን፣ ከሰዓት ወይፈኑን በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ይሥሩ። ልጅዎም ከጎን ሆኖ ድምፁ ቀድሞ እንደሆነ ወይም ዘግይቶ እንደሆነ ይንገርዎት።