ሌሊት በራሱ የሚዞር የቤት ካሜራ፦ ባለቤቱ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሳሎን ያስገጠምኩት የሚዞር የዋይፋይ ካሜራ ሌሊት በራሱ ይንቀሳቀሳል። የዋይፋዩን ፓስወርድ ስቀይር ካሜራው ተቋረጠ፤ የገጠመው ልጅ በስልኩ መልሶ አገናኘልኝ፤ አሁንም ግን ይዞራል። በእኔ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ የምስል ጥራትና ድምፅ እንጂ ሌላ የምቀይረው ነገር አይታየኝም። ባለቤቴ ዱባይ ሆኖ ልጆቹን የሚያየው በዚሁ ካሜራ ነው። ሽቦው በኮርኒስ ውስጥ አልፎ በናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ሚሞሪውም ከሦስት ቀን በላይ አይዝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ሌላ የምቀይረው ነገር አይታየኝም» ያሉት ቃል ዋናውን ችግር ይጠቁመኛል። ካሜራው በእርስዎ ስም አልተመዘገበም። ልጁ በራሱ ስልክና በራሱ አካውንት አስገብቶ ለእርስዎ ሼር አድርጎልዎታል። በአብዛኞቹ እንዲህ ያሉ አፖች ባለቤቱ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የቀረው እንግዳ ነው። እንግዳ ምስል ያያል፣ ከተፈቀደለትም ያዞራል፤ ሌላ ተመልካች ማስወጣት ወይም የካሜራውን ፓስወርድ መቀየር ግን አይችልም። ለማረጋገጥ በአፑ ውስጥ በካሜራው ስም አጠገብ «ሼርድ» ወይም «የተጋራ» የሚል ምልክት ይፈልጉ። ካገኙት እንግዳ መሆንዎ ተረጋገጠ።

ልጁን ከመውቀስዎ በፊት ግን መዞሩ ራሱ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ካሜራ ጠፍቶ ሲነሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህ የሞተሩ ፍተሻ ነው። የእንቅስቃሴ መከታተያው ከበራ ደግሞ መጋረጃና የመኪና መብራት ተከትሎ ይዞራል። መከታተያውን አጥፍተው (በስልክዎ ካልታየ ባለቤትነቱ ወደ እርስዎ ሲዞር) ሁለት ሌሊት ይጠብቁ። ሙሉ ዙር ሳያደርግ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ እዚያው ከቆመ የሰው እጅ አለበት ብለው ይጠርጥሩ። ከእነዚህ ሁለት ሌሊቶች ውጪ እስኪጣራ ድረስ በማታ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ኮርኒሱን ግን አሁን አይክፈቱ፤ እዚያ ውስጥ 220 ቮልት አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የዋይፋዩን ፓስወርድ መቀየር ለምን እንዳልጠቀመ በደንብ ልግለጽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የዋይፋይ ፓስወርድ የሚከለክለው በአቅራቢያው ሆኖ ከራውተርዎ ጋር ሊገናኝ የሚሞክርን ስልክ ነው። በኢንተርኔት የሚያይ ሰው የእርስዎን ዋይፋይ ፈጽሞ አይነካም። ካሜራው መብራት እንዳገኘ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ አምራቹ ሰርቨር (በኢንተርኔት ላይ ወዳለው የአምራቹ ኮምፒውተር) መደወል ነው። ራውተር ሳይጠራ ከውጭ የሚመጣን ይዘጋል፤ ከውስጥ ለወጣ ጥሪ የሚመጣውን መልስ ግን ያስገባል። ስለዚህ ካሜራው በየጥቂት ሴኮንዱ ትንሽ መልእክት እየላከ መንገዱን ክፍት ያደርጋል። ስልክ ደግሞ የካሜራውን መለያ ቁጥር ይዞ ወደዚያው ሰርቨር ይሄዳል። ሰርቨሩ እንደ ደላላ ሁለቱን አገናኝቶ ከመሃል ይወጣል፤ ምስሉም ከካሜራው በቀጥታ ወደ ስልኩ ይፈሳል። ቀጥታ መገናኘት ካልቻሉ ምስሉ በሰርቨሩ በኩል ያልፋል። ይህን አሠራር ፒቱፒ ይሉታል። ባለቤትዎ ዱባይ ሆኖ ያለ ችግር የሚያየው በዚህ መንገድ ነው፤ ልጁም ቤቱ ተቀምጦ ማየት የሚችለው በዚሁ ነው። ዋይፋዩን ሲቀይሩ የተቋረጠው ካሜራው እንጂ የልጁ ባለቤትነት አይደለም፤ ካሜራው ሲመለስ እሱም አብሮ ተመለሰ።

ስለዚህ ጥበቃው ያለው በሦስት ነገር ላይ ነው፦ በአካውንቱ፣ በመለያ ቁጥሩና በካሜራው ፓስወርድ። መለያ ቁጥሩ ብቻውን አይታመንም። በ2019 እ.ኤ.አ. በብዙ ርካሽ ካሜራዎች ውስጥ ያለው አይሊንክፒቱፒ የተባለ ሶፍትዌር መለያ ቁጥሮቹ ሊገመቱ እንደሚችሉ ይፋ ሆኖ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። በካሜራው ጀርባ ያለውን፣ መለያ ቁጥሩ ያለበትን ስቲከር ፎቶ አንስተው ከአፑ የደንበኞች አገልግሎት በቀር ለማንም አይላኩ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱን አውጥተው ያስቀምጡ፤ ፎርማት አያድርጉት፤ ማስረጃ ካስፈለገ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ልጁን ጠርተው በፊትዎ ካሜራውን ከአካውንቱ ያስጠፉት። ይህ ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው፤ ብዙ ካሜራዎች ሪሴት ቢደረጉም (ወደ ፋብሪካ ሁኔታቸው ቢመለሱም) ሰርቨሩ ላይ በቀድሞው ባለቤት ስም ይቆያሉ፣ አዲስ ሰው ሊያስገባቸው ሲሞክርም «በሌላ አካውንት ተይዟል» ይላሉ። እምቢ ካለ ወይም ካልተገኘ ደረሰኙንና የስቲከሩን ፎቶ ይዘው በአፑ የደንበኞች አገልግሎት በኩል እንዲለቀቅልዎ ይጠይቁ። ካልለቀቁት ያን ካሜራ ቤትዎ ውስጥ አያብሩት።

ከተለቀቀ በኋላ ካሜራው በርቶ እያለ ብዙ ጊዜ በሚሞሪው ማስገቢያ አጠገብ ያለውን የሪሴት ቁልፍ በመርፌ ከ5 እስከ 10 ሴኮንድ ይጫኑ፤ ድምፅ ሲያሰማ ይልቀቁ። በራስዎ ኢሜይል አዲስ አካውንት ይክፈቱ። ፓስወርዱ ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር ይሁን፤ ስልክ ቁጥር ወይም የልጅ ስም አይሁን። ስልክዎን በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ያድርጉ፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች 5 ጊጋኸርዙን አያዩትም። አፑ በስልክዎ ላይ የሚያሳየውን ኪውአር ኮድ ከካሜራው ሌንስ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ያርቁት። ባለቤትዎ የራሱን አካውንት ይክፈትና እርስዎ ሼር ያድርጉለት፤ አንድ ፓስወርድ ለሁለት አይጠቀሙ።

የካሜራው የራሱ ፓስወርድ ከአካውንቱ የተለየ ነው። እሱንም ይቀይሩት። ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ «አድሚን» እና «123456» ወይም ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ገጣሚዎችም እንዲሁ ትተውት ይሄዳሉ፤ ይህ ቸልተኝነት ያናድደኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመላው ዓለም ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን የያዘው ከ60 በላይ የፋብሪካ ስምና ፓስወርድ እየሞከረ ብቻ ነበር።

ራውተሩ ላይ ብዙ ሥራ የለም። ብዙ ጊዜ በብራውዘር 192.168.1.1 ተብሎ ይገባል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከራውተሩ ስር ተጽፏል። ዩፒኤንፒን (መሣሪያዎች ራሳቸው በር እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን) እና ደብሊውፒኤስን (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን የሚያገናኘውን) ያጥፉ፣ ልጁ የከፈተው ፖርት (ከውጭ የሚያስገባ በር) ካለ ይሰርዙ፣ የአድሚኑን ፓስወርድ ይቀይሩ። የኢንተርኔት መስመሩን ሴቲንግ አይንኩ፤ ራውተሩንም ሪሴት አያድርጉ፤ የመስመሩ መግቢያ ከጠፋ ኢንተርኔት አይኖርዎትም። የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ካሜራውን እዚያ ያስገቡት፣ ከስልክና ከላፕቶፕዎ ይለያል። ሲጨርሱ የስልክዎን ዋይፋይ አጥፍተው በዳታ ይሞክሩት።

አሁን ሽቦው። ብሬከሩን ሳያወርዱ ኮርኒስ ውስጥ እጅ አያስገቡ! የግድግዳ ማብሪያ ማጥፋት አይበቃም፤ በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) ላይ ተገጥሞ ከሆነ አምፖሉ ጠፍቶም ፌዙ (የሚይዘው ሽቦ) መብራት አለው። ቴስተሩን አስቀድመው መብራት ባለው ሶኬት ላይ ይፈትኑት፤ ብሬከሩን ካወረዱ በኋላ ሽቦውን በሱ ይንኩ። የተጠማዘዘና በናስትሮ የታሰረ መጋጠሚያ እየሞቀ ይላላል፣ ናስትሮውም ይላጣል፤ ከደረቅ እንጨት በላይ እንዲህ ማሰር ቤት ማቃጠያ ነው። ቆርጠው በብሎን በሚጠብቅ ኮኔክተር ያገናኙትና ስካቶላ ውስጥ ይክደኑት። ከተቻለ 220ው ሶኬቱ ላይ ይቅርና ወደ ካሜራው የሚሄደው 5 ቮልቱ ይሁን። ይህ ገመድ ወፍራም መሆን አለበት፤ ገበያ ላይ ያለው ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ 5 ሜትር ሲረዝም በ0.5 አምፔር 1 ቮልት ገደማ ይበላል። ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ካሜራው ብዙ ይስባል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ጠፍቶ ይነሳል፣ ይዞራል። «2 አምፔር» ተብሎ ተጽፎበት ግማሹን የማይሰጥ ቀላል ቻርጀርም ይህንኑ ያደርጋል። ባለቤትነቱ ተስተካክሎም ማታ ማታ ሙሉ ዙር ካደረገ ቻርጀሩንና ገመዱን ይቀይሩ። ደግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ብሬከር፣ ከዚያ ቴስተር፣ ከዚያ እጅ።

ሚሞሪው ምናልባት ጤነኛ ነው። በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በቀን ወደ 11 ጊጋባይት ይሞላል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ሦስት ቀን ይዞ አሮጌውን ይደመስሳል። በእንቅስቃሴ ብቻ እንዲቀርጽ ካደረጉት ይረዝማል። አዲስ ሲገዙ ለካሜራ ቀረጻ የተሠራ፣ «ኢንዱራንስ» የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ካሜራው የሚቀበለውን ከፍተኛ መጠንም ካርቶኑ ላይ ያንብቡ። 128 ተብሎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ በየሱቁ ሞልቷል፤ ከመክፈልዎ በፊት ባይቻል እንኳ በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ በቪዲዮ ሙሉ በሙሉ ሞልተው መጨረሻ የገባውን ይክፈቱ። ካልተከፈተ ካርዱን ይመልሱት።