ኩሉ ለምን ወደ ጉንጭ ይወርዳል? ለሚዜዋ እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የታላቅ እህትሽ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ አንቺ ሚዜ ነሽ። ጠይም ነሽ፣ ዓይንሽ ጎድጎድ ያለ፣ ቆቡም ወረድ ያለ ነው። ማለዳ የተኳልሽው ኩል ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከዓይንሽ ሥር ተዘርግቶ ስታለቅሺ ያደርሽ ያስመስልሻል። ለቤቱ፣ ለፎቶው፣ ለአዳራሹና ለማግሥቱ መልስ ዓይንሽን እንዴት እንደምትሠሪው፣ ሥራ ስትገቢም ከዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚሆንሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ብዙዎቹ «ውሃ የማያስለቅቀውን ግዢ» ብለው አልፈዋል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ግን እሱም ይወርድብሻል።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሽራ ሳስውብ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ በሰው ሳሎን ተቀጥሬ፣ ኋላ ሣጥኔን ተሸክሜ ከቤት ቤት እየዞርኩ። በእጄ ካለፉት ዓይኖች እንባ ያበላሻቸው ጥቂቶች ናቸው። የቀሩትን ያበላሸው ቅባት ነው። የእርሳስ ኩል ማለት በሰምና በዘይት የተለወሰ ቀለም ነው። ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ክሬም ወይም ቫዝሊን ስትቀቢ ቆቡ ላይም ይደርሳል፤ ሰሙ ቅባት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ቆብሽ ወረድ ያለ ስለሆነ ደግሞ መስመሩ ከላዩ ካለው እጥፋት ጋር ቀኑን ሙሉ ሲነካካ ይውላል፤ እንደ ማኅተም እየታተመ ይባዛል። የታችኛው የውስጥ ጠርዝ ከዚህም ይብሳል። እዚያ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ የተቀባው ኩል መቼም አይደርቅም፤ ዓይንሽን ባርገበገብሽ ቁጥር ወደ ማዕዘኑ ይገፋል፣ ከማዕዘኑም ወደ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ በሠርጉ ቀን የታችኛውን የውስጥ ጠርዝ ባዶውን ተይው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨፈግጉብኝ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ያለ እሱ ዓይናቸው የጎደለ ይመስላቸዋል። እኔም እንደ እነሱ ነበርኩ፣ አንድ የጥር ቅዳሜ እስኪያስተምረኝ ድረስ። ሥራውን በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሙሽራዋን ከላይ ከታች ጥቁር አድርጌ ኳልኳት፤ ስታየው ደስ አላት። ሙሽራው ከመድረሱ በፊት ወላጆቿ ለብቻዋ ሊመርቋት ፈለጉና ወደ ጓዳ አስገቧት። የአባቷን ጉልበት ስትስም «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው ጀመሩ፤ «ክበዱ» ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። እሷም አለቀሰች። ሶፍት ያለበት ቦታ ጠፍቶ እናቷ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፤ በነጠላው ጥበብ ላይ ሁለት ጥቁር ሰንበር ቀረ፣ ጉንጯ ላይም ኩሉ ፊቷን ከቀባሁት ፋውንዴሽን ጋር ተላቁጦ አመድ መሰለ። ያን ቀን ያዳኑኝ በሩን ይዘው ሠርገኛውን «አናስገባም» ያሉት እህቶቿ ናቸው። እነሱ ሲደራደሩ እኔ ከዓይኗ ሥር ያለውን ጠርጌ እንደገና ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ የውስጡን ጠርዝ አልነካም፤ ሙሽራዋ ለምናኝም ቢሆን።

አሁን ወደ አንቺ ቆብ። ጠዋት ክሬምሽን ከተቀባሽ በኋላ ሩብ ሰዓት ጠብቂና ቆቡን በደረቅ ሶፍት ጫን፣ ጫን አድርጊው። የስንዴ ቅንጣት የምታህል ኮንሲለር፣ ያ ጥቁረትን የሚሸፍነው የቆዳ ቀለም፣ በቀለበት ጣትሽ በስሱ ቀቢ፤ እጥፋቱ ውስጥ ሳይሰበሰብ ወዲያው ፓውደር ነስንሺበት። የላይኛውን መስመር በእርሳስ ከሠራሽ በኋላ አትነሺ፤ ጠፍጣፋ ቀጭን ብሩሽ በጥቁር አይሻዶው፣ በዓይን ቆብ ቀለም ዱቄት፣ ነክተሽ መስመሩን ደግመሽ ተከተዪው፣ እየጎተትሽ ሳይሆን እየተጫንሽ። ዱቄቱ ቅባቱን ይጠጣዋል፤ እርሳሱም ባለበት ይቀመጣል። ይህችን አንዲት እርምጃ ብቻ ብትይዢ ያወጣሽው ገንዘብ ሳይጨምር ችግርሽ ግማሽ ይሆናል።

ቆባቸው የወረደ ሴቶች የሚሠሩት ትልቁ ስህተት ዓይናቸውን ጨፍነው መቀባታቸው ነው። ሲጨፍኑ ያማረው ሥዕል ሲገልጡ እጥፋቱ ውስጥ ይገባና የለም። አንቺ መስታወቱን ፊት ለፊት፣ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ቅንድብሽን ሳታነሺ እዪ። ቡናማውን፣ የማያብለጨልጨውን አይሻዶው ከእጥፋቱ ትንሽ ከፍ አድርገሽ፣ ዓይንሽ ተገልጦ ሳለ በሚታይበት ቦታ ላይ አድርጊው፤ ለስላሳ ብሩሽ ይዘሽ እንደ መኪና መስታወት መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ። መስመሩን ከማዕዘኑ አሳልፈሽ ጭራ ማውጣት ከፈለግሽም መጨረሻው የት እንደሚሆን ዓይንሽን ገልጠሽ በነጥብ ምልክት አድርጊ፤ መስመሩን ኋላ ከነጥቡ ጋር ታገናኚዋለሽ። ከሽፋሽፍቱ ሥር ያለውን ለመሥራት ደግሞ መስታወቱን ከአገጭሽ በታች ያዢና ወደ ታች ተመልከቺ። ቆቡ ራሱ ይዘረጋል፣ በጣት መጎተት አያስፈልግም። አንድ ረጅም መስመር ከመጎተት በሽፋሽፍቶቹ መካከል ነጥብ በነጥብ መሙላት ይሻላል፤ እጅ ቢንቀጠቀጥም አያስታውቅም።

ስለ ሰዓቱና ስለ ቦታው። እኔ ደንበኛዬን መጀመሪያ የምጠይቃት የቀሚሷን ቀለም አይደለም፤ በየትኛው ብርሃን እንደምትታይ ነው። ቤት ውስጥ በመስኮት የሚገባው የጠዋት ብርሃን ያልተዋሐደ ጠርዝን ሁሉ ያጋልጣል፤ ስለዚህ ስትሠሪ ፊትሽን ወደ መስኮት አዙረሽ ተቀመጪ። የመታጠቢያ ቤቱ ቢጫ አምፖል ሁሉንም ያሳምራል፣ አትመኚው። ከዚያ ወደ እንጦጦ ወይም ወዳጅነት ፓርክ ለፎቶ ትሄዳላችሁ፤ የቀትር ፀሐይ የሚያብለጨልጭን ነገር አይምርም፣ የቆብሽን መጨማደድ አንድ በአንድ ይቆጥራል። አዳራሹ ተቃራኒው ነው፤ የቪዲዮው መብራት ጥላውን ሁሉ ይውጠውና ዓይንሽን ጠፍጣፋ ያደርገዋል።

እንግዲህ ጠዋት ያለ ብልጭታ ጀምሪ፦ ቡናማው ጥላ፣ ቀጭኑ መስመር፣ የሽፋሽፍት ማጥቆሪያው ማስካራ። በቃ። አዳራሽ ከመግባታችሁ በፊት፣ መኪና ውስጥም ቢሆን፣ አምስት ደቂቃ ይበቃሻል። የመዳብ ቀለም ያለውን የሚያብለጨልጭ አይሻዶው በጣትሽ ጫፍ ነክተሽ የቆብሽ መሐል ላይ ብቻ ተጫኚው፤ በብሩሽ ከተነሰነሰ ግማሹ ጉንጭሽ ላይ ይቀራል። የዓይንሽን የውጭ ማዕዘን በጥቁር ቡናማ አጥቁሪው፣ የላይኛውን መስመር ትንሽ አወፍሪው። አጥቦ እንደገና መጀመር የለም። ለፍላሽ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከዓይን ሥር የሚነሰነሰው ነጭ ፓውደርና አንዳንዱ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በመስታወት ሳይታይ ቆይቶ በፍላሽ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ከቤት ሳትወጪ በጨለማ ክፍል ውስጥ በስልክሽ ፍላሽ አንድ ፎቶ ተነሺ።

እህትሽ የምታገባው በተክሊል ከሆነ የጠዋቱ ይለወጣል። ለቤተ ክርስቲያን ዓይንሽን ባዶውን፣ ቢበዛ በስሱ ማስካራ ተይው፤ የቀረው ከሥርዓቱ በኋላ ይደርሳል።

በቀለም ምርጫ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። በፈዛዛ ሮዝ፣ በፈዛዛ ሰማያዊ፣ በፈዛዛ ሐምራዊ ውስጥ ነጭ ተደባልቋል። በሣጥኑ ውስጥ ያምራሉ፣ ጠይም ቆብ ላይ ሲያርፉ ግን ያመዳሉ። ቡናማም ቢሆን ከቆዳሽ የሚፈካ ከሆነ ጥላ አይሰጥሽም፤ ቆብሽን ያነጣዋል እንጂ አያጎደጉደውም። የጡብ ቀለም፣ መዳብ፣ የወይን ጠጅ፣ የተቆላ ቡና፣ ጥቁር አረንጓዴ፤ እነዚህ ለእኛ ቆዳ ይናገራሉ። ሱቅ ውስጥ በክንድሽ የውስጥ በኩል አትሞክሪ፣ እሱ ከፊትሽ ይፈካል። በእጅሽ ጀርባ ሞክሪና ይዘሽው ወደ ደጅ ውጪ።

ለመልሱ ሐበሻ ቀሚስ ስትለብሺ የጥበቡን ቀለም ቆብሽ ላይ አትድገሚው። አረንጓዴ ጥበብ ከአረንጓዴ ቆብ ጋር ሳይ ሁሌ የሚመጣብኝ መጋረጃና የሶፋ ልብስ የሚመሳሰሉበት ሳሎን ነው። ወርቁን ከጌጥሽ ውሰጂ፣ ቆቡ ላይ ወርቃማ ቡናማ አድርጊ፤ አረንጓዴው የግድ ካስፈለገሽ ከታችኛው ሽፋሽፍት ሥር፣ በውጭ በኩል፣ ቀጭን ክር ታህል። በዚያን ቀን ካባ የምትደርበው ሙሽራዋ ስለሆነች ድምቀቱም የሷ ይሁን። ጠዋት ዓይንሽ አብጦ ብትነሺ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አሥር ደቂቃ አሳርፊበት፤ በሠርግ ማግሥት ያላበጠ ዓይን ብርቅ ነው።

ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት ለአንቺ ዓይን ረጅሙ አይሆንም፤ እጥፋቱን ይነካና ቆቡን ይብስ ያወርደዋል። ከውጭ ማዕዘን ላይ ግማሹን መለጠፍ ይበቃል። ሙጫውን ግን ከ24 ሰዓት በፊት በክንድሽ የውስጥ በኩል ሞክሪው። «ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች» የተባለው ለዚህ ሙጫ ይመስለኛል፤ በሠርግ ዋዜማ ሞክራ ዓይኗ ተደፍኖ ያደረች ሚዜ አውቃለሁ።

ከእኔ በፊት ከመለሱልሽ አንዷ እህት የገበያው የድንጋይ ኩል ከሁሉም ይሻላል ብላለች። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እኔም በአያቴ ብልቃጥና መኳያ ነው የተጀመርኩት፤ መዓዛው አሁንም ይመጣብኛል። ነገር ግን በአፍሪካም በእስያም በተለምዶ ኩል እየተፈጨ የሚወጣበት አንዱ ድንጋይ ዋና ይዘቱ እርሳስ ነው። እርሳስ ስል የምንኳልበትን እርሳስ አይደለም፣ ብረቱን ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ዓይነቱን ኩል ለመዋቢያነት አይፈቅድም። እርሳስ በማሽተትም በማየትም አይለይም፤ ጉዳቱ ደግሞ በሕፃናትና በነፍሰ ጡሮች ላይ ይበረታል። ብልቃጡ የቤት ጌጥ ይሁን፤ አራስ ልጅ መኳሉ ግን ፈጽሞ ይቅር።

በሠርግ ቤት አንድ ማስካራ ለስድስት ሚዜ ሲዞርም አይቻለሁ። የራስሽን ያዢ፣ ለሰው አታውሺ፣ ከሰውም አትዋሺ። ትራኮማ በእጅና በፎጣ የሚዛመትበት አገር ውስጥ ነን፤ የአንዷ ዓይን መቅላት በማግሥቱ የሁሉም ይሆናል። የጠየቁሽን መከልከል ከከበደሽ «ዓይኔን አሞኝ ነበር» በያቸው፣ ማንም አይደግምሽም። ማስካራው ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈውም ጣይው።

ለሥራ አጭር ነው፦ ከላይ በሽፋሽፍቱ ሥር ነጥብ በነጥብ፣ ማስካራ፣ የተበጠረ ቅንድብ። ኮምፒውተር ላይ ስትውዪ ዓይንሽን ማሻሸትሽ አይቀርም፤ ከዚህ በላይ የቀባሽው ከሰዓት በኋላ እጅሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

ማታ ስታስለቅቂው ጠዋት የሸሸሽው ቅባት ያገለግልሻል። ጥጥ ላይ ትንሽ ዘይት አድርገሽ የተጨፈነ ዓይንሽ ላይ ሃያ ሰከንድ አሳርፊው፣ አትፈትጊው፤ ማስካራው ራሱ ተላቆ ይመጣል። የዓይን ሌንስ የምታደርጊ ከሆነ ሌንሱን መጀመሪያ አውልቂ፤ ጠዋትም ከሜካፑ በፊት አድርጊው።

አሁን የቀረሽ ሙከራ ነው። በሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም እንዳልኩሽ ሥሪውና ስድስት ሰዓት ያህል ይዘሽው ዋዪ፤ ወጥ ሥሪበት፣ ምጣድ ፊት ቁሚበት፣ ሽንኩርት ክተፊበት። የሚወርድ ከሆነ ያኔ ይወርዳል። ከዚያ አንዱን በመስኮት ብርሃን፣ አንዱን በፍላሽ ተነሥተሽ እዚሁ ለጥፊልን። ፊትሽን ማሳየት ካልፈለግሽ ዓይንሽን ብቻ ቆርጠሽ፤ አንዱን ገልጠሽ፣ ሌላውን ጨፍነሽ።