ዋንጫ ያላነሳው ጃሮም ኢጊንላ

ሰላም ወዳጄ። «የበረዶ ሆኪ ተጫዋቹ ጃሮም ኢጊንላ ስታንሊ ካፕን (የሊጉን ዋንጫ) ሳያነሳ እንዴት ታላቅ አጥቂ ይባላል?» ብለህ ጠይቀሃል። ይባላል፣ ያውም በደንብ!

በኤንኤችኤል (በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ሊግ) 1,554 ጨዋታ ተሰልፎ 625 ጎል አግብቷል። አብዛኛውን ያስቆጠረው ለካናዳው ክለብ ካልጋሪ ፍሌምስ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. ዋንጫው በአንድ ጎል ብቻ አመለጠው፤ በፍጻሜው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ታምፓ ቤይ 2 ለ 1 አሸነፋቸው። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

የኦሎምፒኩ ግን ሌላ ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፤ እሱ ለካናዳ ተጫወተ። በ2002 ፍጻሜ አሜሪካ ላይ ሁለት ጎል አገባ። በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ሆነ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ ተገፍቶ እየወደቀ ኳሷን (ፓኳን) ለቡድን ጓደኛው ለሲድኒ ክሮዝቢ አቀበለው። ክሮዝቢም የወርቋን ጎል አስቆጠረ። ያቺን ቅብብል ፈልገህ እያት።