መልስ፦ የእግር ደም ሥር ኦፕራሲዮን

እህቴ፣ «እናቴ ቫሪኮስ ቬይን (ያበጠና የተጠማዘዘ የእግር ደም ሥር) አለብሽ፣ ኦፕራሲዮን ይደረግ ተባለች፤ ደም ሥሩ ከወጣ ደሙ በየት ይመለሳል? ምንስ ይገጥማታል?» ብለሻል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ተደርጎልኛል።

ደሙ መንገድ አያጣም። የሚወጣው ከቆዳ ሥር ያለው፣ የተበላሸው ደም መላሽ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት በጡንቻ መሀል ያሉት ጥልቆቹ ናቸው። እነሱ ደህና መሆናቸው አስቀድሞ የደሙን ፍሰት በሚያሳይ ምርመራ፣ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል። ይህ ሳይታይ እኔ እሺ አልልም።

ብሽሽት ላይ ትንሽ ይከፈትና ደም ሥሩ ይታሰራል፤ ከዚያ ተስቦ ይወጣል። ጭኔ በልዞ ሳየው ክው ብዬ ነበር፤ ለካ የተለመደ ነው። ቁርጭምጭሚቴ አካባቢ ግን ለወራት ደነዘዘ። ከደም ሥሩ ጎን የሚሄድ ነርቭ ሲነካ ነው። አንዳንዱ ሰው ላይ ጨርሶ አይለቅም። ቁስሉም ሊያመረቅዝ ይችላል፣ በተለይ ብሽሽት ላይ ያለው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ደም ሥር ሊያብጥ ይችላል። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም!

የሚያሰጋው ጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ሲረጋ ነው። ብዙ አያጋጥምም። ግን አንዱ ባቷ ካበጠና ከጠዘጠዛት ዛሬ ነገ ሳትዪ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ትንፋሽ ካጠራት ወይም ደረቷን ከወጋት ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። ከዚህ በፊት ደም ረግቶባት የሚያውቅ ከሆነ ሳትደብቅ ትናገር።

በተረፈ ተኝታ አትዋል። እኔ በዚያው ቀን ተራምጃለሁ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሚደረገው ያ ጠባብ ካልሲ ግን በሐዋሳ ሙቀት... ስንቱን አሳየኝ መሰለሽ!