የጨው ውሃ አልጌ ወደ ብርሃን አልሄድ ሲል

የአዘዞ የባዮሎጂ መምህር እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ከጓደኛዬ ያገኘሁትን የጨው ውሃ አልጌ፣ ዱናሊየላን፣ ወደ ብርሃን ሲዋኝ ለተማሪዎቼ ላሳይ ብዬ በባትሪ ውሃና በገበታ ጨው አራባሁት። በቀይ አምፖል ንቅንቅ አላለም፤ በስልክ መብራት ጥቂቶቹ ሸሹ። የተበላሸው ማይክሮስኮፑ ይሆን?»

መምህር፣ ማይክሮስኮፑን እንዳይፈቱት! እዚህ ጎንደር ለጥገና ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ የተጎዱት በጤናቸው ተፈትተው ነው። ጥቂቶቹ መሸሻቸውም የአልጌው የብርሃን ስሜት ደህና መሆኑን ይነግረናል።

ይህን ስሜት የሚሰጠው ቻናልሮዶፕሲን የሚባል፣ በሴሉ ሽፋን ላይ የተሰካ ፕሮቲን ነው። በውስጡ ሬቲናል የሚባል፣ ብርሃን የሚቀበል የቫይታሚን ኤ ዓይነት ይዟል። ብርሃን ሲያርፍበት ሬቲናሉ ቅርጹን ይለውጣል፤ ፕሮቲኑም ተከፍቶ አዮኖችን (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸውን ቅንጣቶች) ያሳልፋል። በእኛ ዓይን ውስጥ ብርሃን ተቀባዩና በሩ የተለያዩ ናቸው፤ እዚህ ግን ዘበኛውም በሩም አንድ ነው። ይህ በ2002 እና በ2003 እ.ኤ.አ. የታወቀው በዱናሊየላ የጨው አልባ ውሃ ዘመድ፣ በክላሚዶሞናስ ነው። የክላሚዶሞናስ ሁለተኛው ቻናልሮዶፕሲን ይበልጥ የሚከፈተው የሞገድ ርዝመቱ 470 ናኖሜትር አካባቢ በሆነ፣ በሰማያዊ ብርሃን ነው። ዱናሊየላም ሰማያዊ ይወዳል፤ ቀዩ በሩን አያንኳኳም። ቢሆንም አይጣሉት፤ አልጌውን ሳይረብሹ ለማየት ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይጠቅማል።

የስልኩ መብራት ደግሞ በዝቶበታል። ደካማ ብርሃን ይስበዋል፣ ኃይለኛው ያባርረዋል። ትንሽ ሰማያዊ ኤልኢዲ በሁለት ሦስት ነጭ ወረቀት ይሸፍኑና ከጎን ያብሩ፤ ከሥር የሚመጣው የማይክሮስኮፑ መብራት አቅጣጫ አይሰጠውም። አልጌው እየተሽከረከረ ሲዋኝ ብርቱካንማው የዓይን ነጥብ በአንድ ወገን ያጠላል፤ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ የሚለየው በዚህ ነው።

ከሁሉ የምጠረጥረው ግን ውሃውን ነው። አልጌው የሚዋኝባቸው ጭራዎች አቅጣጫ የሚቀይሩት ካልሲየም ወደ ሴሉ ሲገባ ነው፤ የባትሪ ውሃ ደግሞ የተጣራ ስለሆነ ካልሲየም የለውም። የሸሹት ከጓደኛዎ ብልቃጥ አብሮ በመጣው ጥቂት ካልሲየም ሳይረዱ አልቀሩም። የባሕር ውሃ በሊትር 0.4 ግራም ያህል ካልሲየም አለው፤ ለዚህ 1.1 ግራም ውሃ አልባ ካልሲየም ክሎራይድ ይበቃል። ለብቻው አሟሙተው እያማሰሉ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ በአንዴ ከደፉት ነጭ ዝቃጭ ሊሠራ ይችላል።

ከዚያ አንድ ቀን ያሳርፉት። ጠርሙሱን ጨለማ ካርቶን ውስጥ ከተው የኤልኢዲው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ በአንድ ጎን ይብሱለት፤ ሙከራውንም ቀን ላይ ያድርጉት።